የአልማዝ ጭራ

ጭርርርርር!

መጀመሪያ የሰማው ይህን ነው። ዓይኑ ተከድኖ ስለነበር ምን እንደተቀደደ አላየም። ድምፁ ግን በጆሮው አልገባም፤ በግራ ጎኑ፣ ከጡቱ ሥር ተነሥቶ ወደ ጀርባው በሚዞረው በዚያ በለመደው መንገድ ገባ። የተቀደደው የገዛ ቆዳው መሰለውና «እእህ!» ብሎ ብድግ ሲል ጉልበቱ ከስፌት ማሽኑ ጠረጴዛ ጋር ተጋጨ።

«አይዞህ፣ አራት ሜትር ቴትሮን ነው የቀደድኩት። አንተን አይደለም!» አለው ጋሽ ሙክታር፣ ጣቃውን በአንድ እጁ መቀሱን በሌላው ይዞ። ጨርቅ የምትገዛው ሴትዮ ሳቀች።

ያቤጽም ለመሳቅ ሞከረ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እዚሁ በሐይቅ ዳሯ ከተማ ፒያሳ፣ ከጋሽ ሙክታር ጨርቅ ቤት በረንዳ ላይ ማሽኑን ዘርግቶ ሲሰፋ ኖሯል። ሰው ጨርቁን ከውስጥ ይገዛል፣ ልኩን በረንዳው ላይ ይሰጣል፣ በሳምንቱ መጥቶ ለብሶ ይሄዳል። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ማሽን ላይ የተኛው ግን በእነዚህ ስምንት ወራት ብቻ ነው።

«ስማ እንጂ» አለ ጋሽ ሙክታር ሴትዮዋን ሸኝቶ ሲመለስ፣ «ያንን ክኒን ስትውጥ እዚህ ትተኛ ነበር። ተውኩት አልክ፤ ይኸው አሁንም ትተኛለህ። ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?»

«ያኔ የሚያስተኛኝ እንቅልፍ ነበር፣ ጋሼ። አሁን የሚያስተኛኝ እንቅልፍ ማጣት ነው።»

«እሱስ ልክ ነህ» አለና ጋሽ ሙክታር ፊቱን አዞረ። ቀልደኛ ሰው ቀልዱ ሲያልቅበት ፊቱን የሚያሳርፍበት ያጣል።

ያቤጽ ማሽኑ ላይ ያለውን ሥራ አየው። የግራውን እጅጌ በቀኙ ትከሻ ገጥሞታል። ምላጩን አንሥቶ መተርተር ጀመረ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ክረምት ነው። በግራ ጎኑ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ወጣና እንደ ቀበቶ ግማሽ ወገቡን ዞረው። ያየው ሁሉ በአንድ አፍ «አልማዝ ባለጭራ ናት» አለ። በሦስት ሳምንት ደረቀች፣ ቅርፊቷም ረገፈ። ሕመሙ ግን ቀረ። ያን ጊዜ ጋሽ ሙክታር፣ «አልማዝ ሄዳለች፣ ጭራዋን ግን ረስታ ነው!» ብሎ በረንዳውን ሁሉ አስቆ ነበር። ያቤጽም ከልቡ ስቋል። ጭራዋን ለመውሰድ አንድ ቀን ትመለሳለች ብሎ ያሰበ ይመስል።

አልተመለሰችም። ጭራዋ ግን እዚያው እየተወራጨ ነው። አንዳንዴ እንደ ፍም፣ አንዳንዴ እንደ መርፌ፣ አንዳንዴም የተላጠ ሽቦ እንደ መንካት ያደርገዋል። ከሁሉ የሚብሰው የጨርቅ ነገር ነው። የሸሚዝ ጫፍ ጎኑን ሲነካው እሳት የተጠጋው ያህል ይሸሻል። የሸሚዞቹን ሁሉ የግራ ጎን ተርትሮ ሰፋ አደረጋቸው፤ ከውስጥ የሳቲን ገበር ሰፋባቸው። ከጋሽ ሙክታር መደርደሪያ ላይ ያልሞከረው ጣቃ የለም። ለከተማው ሰው ልብስ ሲሰፋ የኖረ ሰው ለራሱ ገላ የሚሆን ጨርቅ አጣ።

ሐኪም ቤት ያየችው ሐኪም ተረጋግታ አስረድታው ነበር። «ሽፍታው ነርቭህን ጎድቶት ነው የሄደው። እሳቱ ጠፍቷል፤ ነርቭህ ግን አሁንም እሳት አለ እያለ ይጮኻል» አለችው። አሚትሪፕቲሊን የሚባል ክኒን ጻፈችለት። «ለድብርትም እንሰጠዋለን፣ ላንተ ግን ለሕመሙ ነው። ወረቀቱን አንብበህ እንዳትደነግጥ። ቶሎ አይሠራም፤ ሳምንታት ይፈልጋል። ሙሉ በሙሉም ላያጠፋው ይችላል። ካልተስማማህ ሌላም ስላለ ተመልሰህ ና። ብቻ በገዛ እጅህ በአንድ ጊዜ እንዳታቆመው።»

ዋጠው። በአራተኛው ሳምንት እሳቱ ወደ ረመጥ ወረደ። አንሶላ ለብሶ ያደረበትን የመጀመሪያ ሌሊት እስካሁን ያስታውሰዋል። ግን አፉ ጥጥ የጎረሰ ይመስል ደረቀ። ጧት ጧት ጭንቅላቱ ውስጥ የሐይቁ ጉም ገብቶ እስከ አራት ሰዓት አልወጣ ይለዋል። የአንድ አስተማሪ ሱሪ አራት ጣት አሳጥሮ ቆረጠ። የደንበኞቹን ስም መርሳት ጀመረ። እናም ሲቀመጥም ሲነሣም ያመዛዝነው ነበር፤ ሳይደነዝዙ መቃጠል ይሻላል ወይስ ሳይቃጠሉ መደንዘዝ?

ያልሞከረው ሌላ መንገድም የለም። ወንዶ ገነት ሄዶ ፍል ውሃ ገባ። ውሃው ውስጥ እያለ ገነት ነበር፤ ሲወጣ ፎጣው ጠበቀው። ወጌሻ ዘንድ ሄደ። ወጌሻው «ሥር ነው የዞረው» ብሎ በቅቤ ሲያሸው ራሱን ስቶ ወደቀ። አዲስ ከተማ ሰፈር ቤት የሚያከራዩት እማማ ወለተጊዮርጊስ ቅጠል ወቅጠው ለጠፉበት።

«ሲያቃጥል ነው የሚሠራው፣ ልጄ» አሉት።

«እማማ፣ ማቃጠሉንማ ያለ ቅጠልም ተክኖበታል» አላቸው። በማግሥቱ ቆዳው ቆስሎ አገኘው።

ከዚያ ጸሎቱ መጣ።

ወደ ጸሎቱ የወሰደችው ሩሀማ ናት። ሩሀማ እጮኛው ናት፤ በአንድ መሥሪያ ቤት ጽሕፈት ትሠራለች፣ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ትዘምራለች። ሁለት ዓመት ጠብቃዋለች። በሐሙስ ጸሎት ላይ ወንጌላዊ ሽመልስ «ወንድም ያቤጽ፣ የቱ ጋ ነው የሚያምህ?» ሲለው፣ ያቤጽ ሞኝ፣ በጣቱ አሳየው።

ሰባት ስምንት እጅ እዚያው ቦታ ላይ አረፈ።

ጮኸ። በሕይወቱ እንደዚያ ጮኾ አያውቅም። ሰዎቹ ግን ጩኸቱን የእሱ ነው አላሉም። «ውጣ! በስሙ ውጣ!» አሉ። ሲጮህ ይጫኑታል፤ ሲጫኑት ይጮኻል። በመጨረሻ ሲሚንቶው ላይ ወደቀና እጆቹ ተነሡለት። ሲነሡለት ጊዜ ቀለል አለው። «ጌታ ሆይ፣ ተመስገን» አለ። እጃቸውን ስላነሡለት ነበር ያመሰገነው። ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። ቀና ሲል ሩሀማ አጠገቡ ተንበርክካ ታለቅሳለች። «ተፈወሰ!» ትላለች። ፊቷ ላይ ያየው ብርሃን አፉን ዘጋው። እዚያችው ላይ አንዲት ቃል ቢናገር ኖሮ! ግን ያንን ፊት ማን ደፍሮ ያጠፋዋል?

እሱ ዝም እንዳለ እሷ ለአባቷ ነገረች። አባቷ አቶ ሽበሺ ለጎረቤት ነገሩ። ያቤጽ ተፈወሰ ተባለ። ያቤጽ ደግሞ ክኒኑን እየተደበቀ ይውጥ ጀመር።

ከዘጠኝ ቀን በፊት ሩሀማ ስልኩን ልታወጣለት ጃኬቱ ኪስ እጇን ስትከት ክኒኑን አገኘችው፤ በማግሥቱ ይዛው መጣች።

«ከተፈወስክ ይሄ ምንድን ነው፣ ያቢ?»

«እ… የቀረ ነው።»

«ኤልናታን አየው።» ኤልናታን የጤና ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ወንድሟ ነው። «የነርቭ ነው አለኝ። የአእምሮ ሕሙማን ናቸው የሚወስዱት አለኝ።»

«እኔም እኮ የነርቭ ሕመም ነው ያለብኝ፣ ሩሀማዬ። ያ ማለት…»

«እንደሱ አትበል!» አፉን በእጇ ከደነችው። «እባክህ አባቴ ፊት ይህችን ቃል እንዳታወጣት። ነርቭ የምትለዋን ቃል።»

ምክንያቷን ያውቀዋል። የአቶ ሽበሺን እህት መንደሩ «ነርቭ ያለባት» ነው የሚላት። አሥራ ሁለት ዓመት ጓዳ ውስጥ ናት፤ አቶ ሽበሺ በየጧቱ ፀጉሯን ያበጥሩላታል። ሐኪሟ ነርቭ ስትል ከቆዳ ሥር ያለውን ስሜት የሚያደርስ ገመድ ማለቷ ነበር። በሰፈሩ ቋንቋ ግን ነርቭ ማለት መንገድ ላይ ብቻውን የሚያወራ ሰው ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት በአንድ ቀን አስረድቶ የሚጨርስ ሰው የለም።

«ጣልልኝ» አለችው። «የሚቀጥለው ሳምንት እሑድ ምስክርነትህን ስጥ። በሳምንቱ ሽማግሌ ይሂድ። ከዚያ ማንም ምንም አይልም።»

እሺ አላት። ሐኪሟ አታድርግ ያለችውን አደረገ፤ በአንድ ቀን አቆመው። ሦስት ቀን አስመለሰው፣ አላበው። በአራተኛው ቀን ሕመሙ ዘመድ አዝማዱን አስከትሎ ገባ። ክኒኑን ግን አልጣለውም። ከማሽኑ መሳቢያ ውስጥ፣ ከአዝራሮቹ ሥር ነው።

ዛሬ ዓርብ ነው። እጅጌውን ተርትሮ ሳይጨርስ አንድ ባጃጅ ከበረንዳው ፊት ቆመና ሩሀማ ወረደች። በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች።

«ሩሀማዬ! እንዴት ነሽ፣ ሙሽሪት!» አለ ጋሽ ሙክታር።

«ደኅና ነኝ፣ ጋሼ። እርስዎ ደኅና ነዎት? ለእሑድ ሸሚዝ ገዝቼለት ነው።»

«ለልብስ ሰፊ የተሰፋ ሸሚዝ ገዛሽለት? ይኼማ ለሐይቅ ዓሣ ውሃ መሸጥ ነው!»

ሳቀች። ላስቲኩን ፈታችው። ነጭ ነው፣ ኮሌታው ድርቅ ያለ፣ ጎኑ ጥብቅ ያለ። ያቤጽ በዓይኑ ብቻ ልኩን ወሰደ። ከብብት እስከ ወገብ አንዲት ጣት ትርፍ የለውም።

«ልበሰውና ልይህ» አለችው። «ሲጠሩህ በዚህ ነው የምትወጣው።»

ከጣቃዎቹ ኋላ ገባ። የራሱን ሸሚዝ አወለቀ። ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ አዲሱን ለበሰ፤ አዝራሮቹን ከላይ ጀምሮ ቆለፈ። አራተኛው ላይ ሲደርስ ጥርሱ ተጋጨ። ከመድረኩ ላይ ሆኖ «ተፈውሻለሁ» ሲል ታየው። ሠርጉ ታየው። ከሠርጉ በኋላ ያለው ሌሊት ሁሉ ታየው፤ ሚስቱ በዞረች ቁጥር የሚሸሽ፣ የሚዋሽ ባል። ሕመሙን ይችለው ይሆናል። ሕመሙንም ውሸቱንም በአንድ ጎን መሸከም ግን እንደማይችል እዚያ ጨርቅ መካከል ቆሞ ገባው።

ወጣ። ሩሀማ አየችውና ፊቷ ያንን ብርሃን አበራ። «ወይኔ ያቢ! እንዴት አምሮብሃል!» ብላ ቀረብ አለችና የተሸበሸበውን ልታስተካክል መዳፏን በግራ ጎኑ ላይ አሳለፈች።

አልጮኸም። ግንባሩ ላይ ግን ላብ ችፍ አለ፤ እጁ የጋሽ ሙክታርን ጠረጴዛ ጨበጠ።

«ምን ሆንክ?»

«አልተፈወስኩም፣ ሩሀማ።»

እጇን ሰብሰብ አደረገች።

«አንድም ቀን አልተፈወስኩም። ስምንት ቀን ክኒኑን ተውኩት፤ ስምንት ቀን አልተኛሁም። ጸልዪልኝ፣ እኔም እጸልያለሁ፤ ክኒኑን ግን ዛሬ ማታ እጀምረዋለሁ። ሰኞ ሐኪሟ ጋ እመለሳለሁ። ያደነዝዘኛል፣ ምናልባት ዕድሜዬን ሙሉ ያደነዝዘኛል። እብድ አይደለሁም። እሑድ ግን መመስከር አልችልም።»

ጋሽ ሙክታር መቀሱን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። ወደ ውስጥ ሊገባ ፈለገ፤ የሚያልፍበት መንገድ ግን በእነሱ መካከል ስለነበር ባለበት ቀረ።

«ያን ቀን…» አለች ሩሀማ። ድምፏ ከወትሮው አልተለየም። «ያን ቀን የጮኽከው?»

«እጃቸው ነው። ሲነኩኝ ስላቃጠለኝ ነው።»

«የእኔም እጅ ነበረበት።»

«አውቃለሁ» አላት። «የአንቺን ለይቼዋለሁ።»

ይህን ያለው ፍቅሩን ሊነግራት ነበር። ከአፉ ሲወጣ ግን ሌላ ነገር ሆነ።

ሩሀማ ቀኝ መዳፏን ገልብጣ አየችው። ከዚያ ላስቲኩን ከወለሉ አንሥታ አጠፈችው፤ አንዴ፣ ደግሞ አንዴ፣ የማይታጠፍ እስኪሆን ድረስ። ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች።

«ሩሀማ።»

ከበረንዳው ደረጃ ወረደች።

«ልጄ፣ ትንሽ ቁጭ በይ እንጂ፣ ሻይ ላስመጣ!» አለ ጋሽ ሙክታር። መልስ ሳትሰጠው ስታልፍ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ያቤጽ ሊከተላት አንድ እርምጃ ተራመደ። ሸሚዙ ጎኑን ያዘውና ቆመ። አንድ ባጃጅ አስቁማ ጎንበስ ብላ ለሹፌሩ የሆነ ነገር ነገረችው፤ ከመንገዱ ጫጫታ የተነሣ ወዴት እንዳለችው አልሰማም። ገባች። የባጃጁ የጎን ሸራ ወርዶ ስለነበር ፊቷን አላየም።