ጭጋጉን አትቁረጠው

ሠርካዲስ የእህቷን ሠርግ የቪዲዮ ካሴት ከአዋሽ እስከ ሰመራ ጭኗ ላይ ይዛ መጣች። ፀሐይ እንዳያገኘው በነጠላዋ ጠቅልላ፣ የመስኮቱንም ወንበር ለሌላ ሰው ለቃለች። አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ «ምን ይዘሽ ነው ልጄ፣ እንዲህ የተጠነቀቅሽለት?» ቢሏት፣ «እናቴን መሰለኝ» አለቻቸው። ሴትዮዋ ከዚያ በኋላ እስከ ሎጊያ ድረስ አላናገሯትም።

እናቷ ወይዘሮ ማሚት ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ካሜራ ሲያዩ ጅብ እንዳየ ሰው የሚሸሹ ነበሩ፤ ያለቻቸው አንዲት የመታወቂያ ፎቶግራፍም ቤት ሲቀየር ጠፋች። ሠርካዲስን የእናቷ መልክ እየሸሻት ነው። አፍንጫቸውን ስታስታውስ ዓይናቸው ይጠፋታል፣ ዓይናቸውን ስታገኝ አገጫቸው። ታላቅ እህቷ ስንቅነሽ ደግሞ የራሷ ቂም አላት። «በሠርጌ ቀን እማዬ አንዴ እንኳ አጠገቤ አልቆመችም» ትላለች፣ ይኸው ሃያ አምስት ዓመት።

ካሴቱ የዚያ ሠርግ ነው። ያኔ ሁለቴ ወይም ሦስቴ አይተውታል፤ ግን ሁሉም ጭፈራውን ነበር የሚያየው። እናት በሕይወት እያሉ ምስል ውስጥ ማን ይፈልጋቸዋል?

አብዱልበሲጥ ድሮ ሎጊያ ላይ ለጅቡቲ መስመር ሹፌሮች ፊልም የሚያሳይ ቪዲዮ ቤት ነበረው። ቪዲዮ ቤቱ ሞተ፣ ካሴት ማጫወቻው ዴክ ግን እምቢ አለ። አሁን ሰመራ ውስጥ በዚያው ዴክ የሰውን ካሴት ወደ ዲስክ ይገለብጣል።

«እህቴ፣ ይሄ እንደ ፍላሽ አይደለም» አላት። «ካሴቱ ሦስት ሰዓት ከሆነ ሦስት ሰዓት ነው። ማቻኮል የለም፤ ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። ውጭ ሙቀቱ መንገዱን ያርገበግበዋል፣ ከራሷ በላይ ማራገቢያው ይንቀራፈፋል። ነቅታ ይሁን አንቀላፍታ ሳትለየው በስክሪኑ በኩል የዚያን ቀን አዋሽ ገባች። የባቡር ጣቢያው ሠራተኞች በዚያ ንዳድ ኮታቸውን ቆልፈው ድንኳኑ ውስጥ ተሰድረዋል። ከሞቱ ስንት ጊዜ የሆናቸው ሰዎች ይበላሉ፣ ይጎራረሳሉ፣ በቀልዳቸው ይስቃሉ። ሁሉም ጥርት ብለው ይታያሉ።

ካሜራው ወደ ጓሮ ዞረ። ከትልቁ ድስት ላይ ያጎነበሰች፣ መቀነቷን ያጠበቀች አንዲት ሴት በጀርባ ታየች። ሠርካዲስ ብድግ አለች። ሴትዮዋ ዞር ስትል፣ ፊቷ ከመታየቱ በፊት ሰፊ መዳፍ መጥቶ ስክሪኑን ሞላው።

«አንተ! እኔን ምን ያደርግልሃል? እንግዶቹን አንሳ!»

የእናቷ ድምፅ ነው። መዳፉ ሲነሳ ካሜራው ወደ ድንኳኑ እየሸሸ ነበር።

«ምናለበት አንዴ ብትዞሪልኝ!» አለች ሠርካዲስ ጮክ ብላ። ተናደደች፤ እንባዋም መጣ።

አብዱልበሲጥ እስክትረጋጋ ጠበቃት። «ከዚህ በኋላ ያለው እስከ መጨረሻው ደብዝዟል» አላት ቀስ ብሎ። «ካሴቱ አርጅቶ ይሆናል። ልቁረጠውና ጥርት ያለው ብቻ ይቅርላችሁ።»

እውነትም ሠርጉ ጭጋግ ለብሷል። መብራቶቹ ቀለበት ሠርተዋል፣ ሙሽራዋ ደመና ውስጥ የተቀመጠች ትመስላለች። ሠርካዲስ ዓይኗን መንቀል አልቻለችም።

«እስኪ መልሰው። ከመዳፏ በፊት።»

መለሰው። ጥርት ያለ ነው። መዳፉ መጣ፤ ጣቶቹ ያብረቀርቃሉ። መዳፉ ሄደ፤ ጭጋግ።

«አርጅቶ አይደለም» አለች። «ቅቤ ነው። ወጥ ስትሠራበት የነበረው ጣቷ የካሜራው መስታወት ላይ አርፎ ነው። ካሜራማኑም ሳይጠርገው አመሸ!»

አብዱልበሲጥ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ፣ እሱም አየው። «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» አለ። «አላህ ይዘንላቸው። አልቆርጠውም።»

እሑድ ቤተሰቡ አዋሽ፣ ስንቅነሽ ቤት ተሰበሰበ። ዲስኩ ገባ። መዳፉ መጥቶ ድምፁ ሲሰማ ሁሉም አለቀሰ፣ ወዲያው ደግሞ የወይዘሮ ማሚትን ቁጣ እያስታወሰ ሳቀ። ከዚያ ጭጋጉ መጣ።

«ይሄ የአዋሽ አቧራ!» ብላ ስንቅነሽ ተነሳች፤ በነጠላዋ ጫፍ ቴሌቪዥኑን ትወለውል ጀመር።

«አይለቅም፣ ስንቄ» አለቻት ሠርካዲስ። «አቧራ አይደለም። የእማዬ ጣት ነው። ካሜራውን ስትገፋው ቅቤው መስታወቱ ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲያ የተነሳው ሁሉ በእሷ ጣት በኩል ነው የታየው።»

ስንቅነሽ መወልወሏን አቁማ ምስሉን አየች። ሃያ አምስት ዓመት ያነሰችው ስንቅነሽ፣ ቬሏን ደፍታ፣ በጭጋጉ መሐል ተቀምጣለች።

«እኔኮ አጠገቤ አልቆመችም ብዬ…» አለች። የነጠላዋ ጫፍ ከእጇ ወደቀ፤ እጇን ግን ከቴሌቪዥኑ መስታወት ላይ አላነሳችም።