ሂልዳና «ናይስ» የምትባለው ቃል

ሂልዳ ራሽዎርዝን «ናይስ» የምትባለው ቃል አንገሽግሻታለች። ክላረንስ ቡዝ፣ ጡረታ የወጣው የላቲን መምህር፣ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ በየእሁዱ ባሏ የሞተባት ሂልዳ ቤት ብቅ እያለ እሷ የጋገረችውን፣ ሩባርብ በሚባል ኮምጣጣ ተክል የተሞላ ኬክ ይበላል፤ አፉን ጠረግ አድርጎም «ናይስ ነው» ይላል። ፀጉሯን ብትሠራ፣ ናይስ። አዲስ መጋረጃ ብትሰቅል፣ ናይስ። ጥሩ ማለቱ እንደሆነ አልጠፋትም፤ ግን ለመጋረጃውም ለእሷም ያው አንድ ቃል?

ሣር ላይ ኳስ የሚያንከባልሉት የዮርክሻየር አዛውንቶች ክበባቸው ውስጥ የበጋ ድግስ በደገሱበት ቅዳሜ፣ ሂልዳ ትከሻዋን የሚያሳይ ደማቅ ቀይ ቀሚስ ለብሳ ከተፍ አለች። ጓደኛዋ ሜቪስ ስታያት የያዘችው ሳንድዊች ከእጇ ወደቀ።

«አንቺ! የሰው ልብ ልታቆሚ ነው የመጣሽው?»

«የአንዱን ካቆምኩ ይበቃኛል።»

ክላረንስ ከወንበሩ ተነሳ። ቀላ፤ ክራቫቱን ነካካ። «ወይዘሮ ራሽዎርዝ፣ በጣም... በጣም ናይስ ነዎት።»

«ሌላ ቃል የለዎትም እንዴ?»

ሙዚቃው ልክ በዚያች ቅጽበት አልቆ ኖሮ ጩኸቷ አዳራሹን ሞላው። ሰው ሁሉ ዞረ። ክላረንስ ሲጨንቀው ማስተማር ይቀናዋልና ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ቃሉ እኮ ከላቲን የመጣ ነው። ሥሩ ‹የማያውቅ› ማለት ነው። ድሮ ሰውን ናይስ ማለት ቂል ነህ ማለት ነበር። እየቆየ ቅምጥል ሆነ፣ ከዚያ ጥንቁቅ፣ ከዚያ...»

«ቂል?» ሜቪስ በደስታ አጨበጨበች። «ሂልዳ፣ ሰምተሻል? ሰውየው በየእሁዱ ኬክሽን እየበላ ቂል ሲልሽ ከርሟል!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ክላረንስ ሁለት እጁን አወናጨፈ። «ኧረ የለም! የማያውቀውስ እኔ ነኝ! ስንት ነገር አስቤ ከቤት እወጣለሁ፤ በሩን ሲከፍቱልኝ ሁሉም ብን ብሎ ይጠፋብኛል!»

ሂልዳ ልትቆጣ አፏን ስትከፍት ሳቅ ቀደማት። «ታዲያ ቂሉ አንተ ነሃ!» አንተ ማለቷን ያወቀችው ከአፏ ካመለጣት በኋላ ነው።

«እኔ ነኝ!» አለ ክላረንስ፣ ሽልማት እንደተቀበለ ሰው ፊቱ በርቶ። «አግቢኝ!»

«መጀመሪያ ደንስ!»

እጁን ይዛ ከጨዋታ ውጪ ማንም የማይረግጠው ሣር ላይ ጎትታ አወጣችው። የሣሩ ጠባቂ አርኖልድ «ሣሩን! ኧረ ሣሩን!» እያለ ሲሮጥ ሜቪስ ወገቡን ያዘችና አብራ አሽከረከረችው። ድንገት ዝናብ ወረደ። ክላረንስ አዳለጠውና ሂልዳን ይዞ ጭቃው ላይ ተዘረረ፤ እዚያው እንደተጋደመ ደግሞ ጠየቃት።

«እሺ» አለችው፣ ጭቃውን ከጉንጩ ላይ እየጠረገች፣ «እሺ ብያለሁ!»

ክበቡ ሣሩን በማበላሸታቸው ሁለቱንም ከጨዋታ አገዳቸው። እገዳው ሲነገር ግን እነሱ ባሕር ዳርቻ ላይ በጫጉላ ሽርሽር፣ ጫማቸውን አውልቀው ማዕበሉ በመጣ ቁጥር እየጮኹ ይሮጡ ነበር።