አራተኛው ምዕራፍ

ሙሉእመቤት ሠላሳ አራቱን ገጾች ከጥራዙ ነቅላ አልጋው ጫፍ ላይ ለብቻቸው አስቀመጠቻቸው። የቀረውን ጥናት አንሥታ በእጇ መዘነችው። ቀልሏል። ሦስት ዓመት የለፋችበት ሥራ እንዲህ መቅለሉ አስደነገጣት፤ ይበልጥ ያስደነገጣት ግን ለመንቀል የፈጀባት ጊዜ ማጠሩ ነበር።

የ1976 ዓ.ም. ኅዳር ነው። የማለዳው ጭጋግ ከጅማው በቾ ቦሬ ሰፈር የቆርቆሮ ጣሪያዎች ላይ ገና አልተነሣም። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ጥናቷን ይዛ ገምጋሚ ኮሚቴ ፊት ትቀርባለች።

ጥናቱ ለልጆች ስለተጻፉ መጻሕፍት ነበር። ስትጀምረው አብረዋት የሚያስተምሩት ሁሉ ሥቀውባታል። «የልጅ መጽሐፍ ደግሞ ምን ሂስ አለው?» ይሏት ነበር። እሷ ግን አርባ አንድ የልጆች መጻሕፍት ሰብስባ እያንዳንዱን እንደ ትልቅ ሰው መጽሐፍ አከበረችው። ማን ይናገራል? ማን ያዛል? ማን ይሳሳታል? የተሳሳተውንስ ማን ይቅር ይለዋል? እያለች መረመረች። ይህም አልበቃት ብሎ ቅዳሜና እሑድ መጻሕፍቱን በዘንቢል ተሸክማ በቾ ቦሬንና አወቱ መንደራን አዳረሰች፤ ከጅማም ወጥታ እስከ ሸቤ እየሄደች ለልጆች አነበበች። አማርኛው ሲከብዳቸው ባደገችበት ኦሮምኛ አስረዳቻቸው። የት እንደሣቁ፣ የት እንዳዛጉ፣ የትኛው ገጽ ላይ ተነሥተው ወደ ጨዋታቸው እንደሄዱ ሳትሰስት መዘገበች።

አራተኛው ምዕራፍ የእነዚህ ልጆች ምዕራፍ ነበር። የተናገሩት ሁሉ በየስማቸውና በየዕድሜያቸው ሰፍሯል። በምዕራፉ መጨረሻ ላይ ደግሞ አንድ ግኝት ነበር፦ በአርባ አንዱ መጻሕፍት ውስጥ ልጆች ይታዘዛሉ፣ ይዘምራሉ፣ ይጸጸታሉ፤ ሲጠይቁ የተሰሙት ግን ዘጠኝ ጊዜ ብቻ ነው።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ጓድ ደሬሳ ከሳምንት በፊት ቢሮው አስጠርቷት ነበር። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «የቀረው ጥሩ ነው፤ እደግፈዋለሁ» አላት። «ይህ ምዕራፍ ካለበት ግን ጽሑፉ እንደ ጥናት አይታይም። እንደ አቋም ነው የሚታየው።» ይህን ሲል ዓይኑ በሩ ላይ ነበር። ሙሉእመቤት ማስፈራሪያ አልመሰላትም፤ የፈራ ሰው ምክር መሰላት። ያም ነው እስከ ዛሬ ማለዳ እንቅልፍ የነሣት።

ሌላም ነገር ነበር። ምዕራፉ ክፉኛ የተቸው መጽሐፍ የተሸለመውና በየትምህርት ቤቱ የሚነበበው «የቀይ ፍሬ ልጆች» ነው። ደራሲው ጋሼ ዘለቀ ከኮሚቴው አባላት አንዱ ናቸው። አጋሮ ሳለች፣ ሦስተኛ ክፍል፣ ፊደል የቆጠረ ሁሉ አንባቢ እንዳልሆነ ያስተማሯትም እሳቸው ነበሩ።

በሩ ተንኳኳ። አከራይዋ አዴ ዙሀራ ናቸው። ግቢው በር ላይ የስፌት መኪና ዘርግተው ልብስ ይሰፋሉ፤ የሜትር ማስመሪያው እንደ ወትሮው አንገታቸው ላይ ነው። «ሰባሕ አልኸይር፣ ልጄ። ቀኑ ደረሰ አይደል? ዱዓ አድርጌልሻለሁ» እያሉ ገቡና ዓይናቸው አልጋው ላይ አረፈ።

«ይኼ ምንድነው የተነቀለው?»

«አውጪው የተባልኩት ነው፣ አዴ ዙሀራ።»

«የረሺዳዬ ነገር ያለበት?»

ረሺዳ የሴትዮዋ የመጨረሻ ልጅ ናት፤ በምዕራፉ ውስጥ ሁለት ቦታ ተናግራለች።

አዴ ዙሀራ ጎንበስ ብለው ገጾቹን ገለጡ። ከመሃል አንዱን መዝዘው ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አሳረፉ። «እኔ ማንበብ አልችልም፤ ወላሂ ግን ይቺ ስሟ ናት። ሦስቴ አንብበሽልኛል። ለጎረቤት ሁሉ የልጄ ቃል መጽሐፍ ገባ ብያለሁ።» ቀና ብለው አዩዋት። «ውሸት ከሆነ አውጪው፣ እኔም አላዝን። እውነት ከሆነ ግን አንቺ አስተማሪ አይደለሽም እንዴ?»

ከውጭ የጋሪ ፈረስ ኮቴ ተሰምቶ ራቀ። ሙሉእመቤት ፊቷ ሲግል ታወቃት። እፍረት ነበር፤ ከእፍረቱ ሥር ግን ሌላ ነገር፣ ለብዙ ቀናት ተጫጭኖ የከረመ ነገር ቀስ ብሎ ሲነሣ ተሰማት።

«ትልቅ መርፌ አለዎት?» አለች።

«ኤዬ፣ እንዴታ!» አሉ አዴ ዙሀራ፣ በሩን አልፈው ሲወጡ። «የጆንያ መርፌ አለኝ።»

የስብሰባው ክፍል የአዲስ ቀለም ሽታ ነበረው። ጓድ ደሬሳ ጥራዙን ተቀብሎ ሲገልጥ እጁ መሃል ላይ ቆመ። በጥራዙ ወገብ ላይ ወፍራም ነጭ ክር ከላይ እስከ ታች ተሰፍቶበታል። ክሩንም እሷንም አየ።

ሙሉእመቤት ቆማ አንድ ሰዓት ያህል ተናገረች። አራተኛው ምዕራፍ ላይ ስትደርስ ድምፅዋን አልቀነሰችም። «የቀይ ፍሬ ልጆች» ውስጥ ሃያ ልጆች ከጧት እስከ ማታ ቡና እንደሚለቅሙ፣ አንዳቸውም እንደማይደክማቸው አስረዳች። ከዚያ አንድ ገጽ አነበበች፦ «ሀዋ፣ ዘጠኝ ዓመት፣ ሸቤ። ከወላጆቿ ጋር ቡና ትለቅማለች። መጽሐፉ ተነብቦ ሲያልቅ፣ ‹አለቃው ስም አለው። የልጆቹስ ስማቸው ማነው?› ብላ ጠየቀች። መጽሐፉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፈለግሁ። ስም የላቸውም።»

ወደ ጋሼ ዘለቀ ላለማየት መስኮቱን ስታይ ቆየች።

«ጓድ ዘለቀ» አለ ደሬሳ፣ «የተነካው የእርስዎ መጽሐፍ ነው። ምዕራፉ ጉድለት አለበት ካሉ ኮሚቴው ቃልዎን ይቀበላል።» መውጫ መንገድ እየሰጣቸው ነበር፤ ምናልባትም ለራሱ።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው በኮታቸው ጫፍ ጠረጉት። «ስህተት አግኝቻለሁ» አሉ።

ደሬሳ ብዕሩን አነሣ።

«ዘጠኝ ጥያቄ ትላለች። ዘጠኝ አይደለም። አንዱ የተወሰደው ከእኔ መጽሐፍ ነው። እስቲ አንብቢልን።»

ሙሉእመቤት ገጹን ፈልጋ አገኘችው። «‹ፀሐይ ሳትጠልቅ ሥራችንን አንፈጽምም እንዴ?›»

«ማነው የሚጠይቀው?»

«ልጆቹ፣ በአንድ ድምፅ።»

«ማነው የሚመልስላቸው?»

«ማንም። ወዲያው ይዘምራሉ።»

«እንግዲያው ይህ ጥያቄ አይደለም። በጥያቄ ምልክት የተዘጋ መፈክር ነው።» ወደ እሷ ዞሩ። «አንቺም ታውቂዋለሽ። ለምን ቆጠርሽው?»

«እርስዎ ስለጻፉት» አለች።

«ስምንት በይው።»

ብዕሯን አወጣች። ሁሉም እያዩዋት ዘጠኝን ሰርዛ ስምንት ብላ ጻፈች። ከልጅነቷ ጀምሮ ከብዙ ሰው ምስጋና ተቀብላለች፤ እንደዚህ እርማት ያኮራት ግን አልነበረም።

ደሬሳ ጥራዙን ወደ ራሱ ስቦ የነጩን ክር ቋጠሮ በአውራ ጣቱ አሻሸ። «ማኅተም አልመታበትም» አለ በመጨረሻ። «አልመልሰውምም። ከነምዕራፉ ወደ አዲስ አበባ ይላካል። የኮሚቴው ስም ከሽፋኑ ላይ ይወጣል፤ የሚቀረው የእርስዎ ስም ብቻ ነው። የሚመጣውም ነገር በእርስዎ ስም ነው የሚመጣው። ገብቶዎታል?»

«ገብቶኛል» አለች። ደሬሳ የኮሚቴውን ስም በብዕሩ ሰረዘ። ጥራዙን ሳበችና ሽፋኑ ላይ፣ የኮሚቴው ስም በተሰረዘበት ቦታ፣ በትልልቁ ጻፈች፦ ሙሉእመቤት ፈለቀ ጎሳዬ። የአያቷን ስም በምንም ወረቀት ላይ ጽፋው አታውቅም ነበር።

ጋሼ ዘለቀ ደጅ ጠበቋት። ጥቂት እርምጃ አብረው ሄዱ። መጀመሪያ የሣቁት እሳቸው ናቸው።

«ሦስተኛ ክፍል ሳለሽ ደብተርሽ ላይ ስህተት ሳጣ ቅር ይለኝ ነበር» አሉ። «የማስተምርሽ ያለቀብኝ እየመሰለኝ። ዛሬ አንድ አገኘሁ።»

«ጋሼ፣ ያን ሁሉ ስጽፍ...»

«ተይው። የሸቤ አውቶቡስ በስንት ሰዓት ነው የሚነሣው?»

ቆም አለች። «ሰባት ሰዓት ላይ። እዚያ ያሉት ልጆች ግን አያዝኑልዎትም።»

«መቼ ይዘኑልኝ አልኩሽ?»

አውቶቡሱ ሞልቶ ነበር። ረዳቱ ሽበታቸውን አይቶ ከፊት ቦታ ቢያስለቅቅላቸው እምቢ ብለው ከኋላ፣ ከሙሉእመቤት ጎን ተቀመጡ። ጉልበታቸው ከፊተኛው ወንበር ጋር ይጋጫል። እጃቸው ባዶ መሆኑን ያየችው መኪናው ከተማውን ሲወጣ ነው።

«መጽሐፉን አልያዙም እኮ።»

«ለማንበብ አይደለም የምሄደው» አሉ።

ከተማው አልቆ ደኑ ሲጀምር በመንገዱ ግራና ቀኝ በማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና ታየ። ሴቶችና ልጆች ከበው ያገላብጡታል። አውቶቡሱ ጠመዝማዛው ላይ ሲያዘግም አንዲት ልጅ ቀና ብላ ወደ መስኮታቸው አንድ ነገር ተናገረች። ሞተሩ ዋጠው። ጋሼ ዘለቀ መስታወቱን ታግለው ከፈቱና ጆሯቸውን ወደ ነፋሱ አዘነበሉ።

«ምን አለች?» አሉ።

ሙሉእመቤትም አልሰማችም። በሽማግሌው ትከሻ ላይ አልፋ አንገቷን አወጣች። አቧራው ውስጥ ልጅቷ አሁንም እየተናገረች ነበር።