ከወሎ አብሯቸው የመጣው ኮከብ

ወሰኔ ነገር ከያዘች ይዛ ነው፤ መዥገር በስንት ጣዕሙ። ልጇ ናዝራዊት ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር ስትወልድ፣ እሷን ልታርስ በጥር ከአንገር ጉቲን መጣች። ባሏ አበጋዝ ለእርሻውና ለከብቱ ቀረ። መኪናው ሊነሳ ሲል ወደ መስኮቱ ተጠግቶ፣ «ለክርስትናው እመጣለሁ። እስከዚያ ማታ ማታ ኮከባችንን እዪልኝ፤ እኔም አየዋለሁ» አላት።

ኮከባቸው ያ ቀዩ ነው፤ ተሰብስበው ከሚታዩት ትንንሾቹ ኋላ ኋላ የሚሄደው፣ ድምቅ ያለው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተጭነው አንገር ጉቲን ቆላ ሲራገፉ ቋንቋው ባዳ፣ ውሃው ባዳ፣ ሰዉ ባዳ ነበር። አበጋዝ ያኔ ጎረምሳ ነው። ወደ ሰማይ ጠቁሞ፣ «ይሄን እንኳ እናውቀዋለን፤ አብሮን መጥቷል» አላት። ትዳሩም ከዚያ ማታ የጀመረ ነው።

ወሰኔ ከመጣች ብዙም ሳይቆይ መንገዱ በግጭት ተዘጋ፤ ስልኩም ተቋረጠ። ሕፃኗ አያቷ በሌለበት ክርስትና ተነሳች። ወሰኔ ግን ፀሐይ እንደጠለቀች ደጅ ትወጣለች። አንድ ቀን ናዝራዊት፣ «እማዬ፣ ይሄ ኮከብ እኮ ከፀሐይ በብዙ እጥፍ ይገዝፋል፤ ተምረነዋል» ብትላት፣ «ይግዘፋ፣ እኔ ምን ቸገረኝ። አባትሽ ካየው ይበቃኛል» አለች።

ታዲያ ኮከቡ በየሳምንቱ ወደ ምዕራብ ዝቅ፣ ዝቅ እያለ ሄደ። ግንቦት ላይ ከፀሐይ ጋር አብሮ ጠለቀና ጠፋ። ዱሮም በዚህ ወቅት ይጠፋል፤ ግን ክረምት ሲገባ ሰማዩን ደመና ይከድነዋል፣ አበጋዝም አጠገቧ ነው፤ ማን ኮከብ ይፈልጋል? ዘንድሮ ሆዷ ባባ። አንድ ጠዋት ነጠላዋን እንደ ለቅሶተኛ አዘቅዝቃ ብቅ አለች።

«ምን ሆንሽ?» አለች ናዝራዊት።

«አባትሽ የለም። ቢኖር ኮከቡ አይጠፋም ነበር።»

«መርዶ ሳይመጣ?»

«በተዘጋ መንገድ መርዶ በምን ይምጣ?»

ጎረቤታቸው ድርቤ፣ የጸሎት ሰው ናት፣ «አዴ ወሰኔ፣ ጌታ ያልወሰደውን ሰው እርስዎ አይቅበሩት» ብትላትም ወሰኔ ነጠላዋን አላቀናችም። ማታ ማታ መውጣቷንም አልተወችም። ሞቷል ያለችውን ሰው ትጠብቃለች፤ ናፍቆት እኮ መርዶ አይሰማም።

ሐምሌ ሲገባ አንድ የጭነት መኪና ከአንገር ጉቲን በመከራ በኡኬ በኩል አልፎ ነቀምቴ ገባ። ሾፌሩ ገቢሳ ጠያይቆ ቤታቸውን አገኘ። «አካም ጅርቱ፣ ሃርሜ» ብሎ እንደ እናቱ ዝቅ ብሎ ሰላም አላት። ነጠላዋን ሲያይ ደነገጠ።

«ከአያ አበጋዝ መልእክት ይዣለሁ» አለ።

ወሰኔ የበሩን መቃን ያዘች።

«ደህና ነው። በቆሎውን ዘርቶ ከርከሮ ይጠብቃል። ‹ኮከቡ ከማታ ሲጠፋባት ትደነግጣለች፤ እኔም ደንግጬ ነበር። ማማ ላይ ሳድር ግን ጎህ ሲቀድ በምሥራቅ ብቅ ሲል አየሁት። በጠዋት ትነሳ በልልኝ› ብሎኛል። መንገዱ ለመንገደኛ ገና ነው፣ ሃርሜ።»

ወሰኔ ነጠላዋን አውልቃ አራገፈችና አቅንታ ለበሰችው። ከዚያ ደፉ ላይ ቁጭ ብላ፣ ሞተ ብላ ያላፈሰሰችውን እንባ በሕይወት ላለው አፈሰሰችው።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ደጅ ወጣች። ሰማዩ ከዳር እዳር ደመና ነው። ፊቷን ወደ ምሥራቅ አዙራ፣ ካፊያው እየመታት ቆመች። ናዝራዊት ሕፃኗን አቅፋ ከበሩ ላይ፣ «እማዬ፣ በዚህ ዝናብ ምን ሊታይሽ ነው? ግቢ» አለቻት።

«አልታየኝም» አለች ወሰኔ ሳትዞር። «አባትሽ ግን አሁን ማማው ላይ ቆሟል። ብቻውን አላቆመውም።»