ኤግበርትን ማልበስ

«ማንን ፈልጋችሁ ነው?» አለች ሮስቪታ በሩን ገርበብ አድርጋ።

ደጃፉ ላይ የቆሙት ባልና ሚስት ተያዩ። ሰውዬው ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሶ ክራባቱን እስከ ጉሮሮው አጥብቋል፤ ሴትየዋ አበባ ታቅፋለች።

«ሠላሳ በጋ ሙሉ አጠገብሽ ተጋድሜ፣ ዛሬ ሱሪ ብለብስ ጠፋሁሽ?»

በድምፁ ለየችው። ሎታር ነው፤ ሴትየዋም ሚስቱ ትራውደ። እዚያ ባልቲክ ባሕር ዳር፣ ሰው ሁሉ ራቁቱን በሚውልበት አሸዋ ላይ፣ በየዓመቱ ድንኳናቸውን ከእነሮስቪታ ጎን ይተክላሉ። የሎታርን የሆድ ስፌት፣ የትራውደን የጉልበት ጥቁር ምልክት ዓይኗን ጨፍና ታውቀዋለች። ለብሰው ግን አይታቸው አታውቅም።

«ይቅር በሉኝ፣ ልቤ እኔ ዘንድ የለም» ብላ አስገባቻቸው።

ባሏ ኤግበርት ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ከሩቅ የመጣችው ልጃቸው ኮርኔሊያ ቡና ቀዳች፣ ኬክ ቆረሰች። ሎታር ሳህኑን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፦

«እንዳለው ልታደርጉለት ነው?» አለ።

ኤግበርት ያለውን ሁሉም ያውቃል። «ስሞት አንድ ነጭ አንሶላ ብቻ። እንዳመጣጤ ልሂድ» ይል ነበር።

«ግራጫ ልብሱን ለቀብር አስፈጻሚው ሰጥቻለሁ» አለች ኮርኔሊያ። «ነገ የሥራ ባልደረቦቼ ሊሰናበቱት ይመጣሉ። አባቴን በአንሶላ አላሳያቸውም።»

ትራውደ ሮስቪታን ወደ ጓዳ ሳብ አደረገቻት። «ሚስቱ አንቺ ነሽ» አለቻት በሹክሹክታ። «ሳያለብሱት ደውይ። አንድ ቃል ይበቃል።»

ሮስቪታ ስልኩን አነሳች።

ኤግበርትን መጀመሪያ ያየችው እዚያው ባሕር ዳር ነው፤ ያኔ ሃያ ዓመቷ ነበር። ጭኔ ወፍራም ነው ብላ እስከ አገጯ ፎጣ ተጠቅልላ አሸዋው ላይ ተቀምጣለች። ኤግበርት የመርከብ ብየዳ ሠራተኛ ነበር፤ ትከሻው በእሳት ፍንጣሪ የተዥጎረጎረ፣ አንድ እግሩ ከሌላው ያጠረ። እያነከሰ መጥቶ አጠገቧ ቁጭ አለ።

«የኔን እግር አይተሽ ሳቂ፤ ከዚያ ያንቺን እናያለን» አላት።

ሳቀች። በሦስተኛው ቀን ፎጣውን ጥላ ውኃ ገባች። ከዚያ ወዲያ ባሕሩ ዳር ስትሆን ገላዋ ትዝ ብሏት አያውቅም፤ ግራ ጡቷ ተቆርጦ እስኪወጣ ድረስ።

ከዚያ በኋላ ዘጠኝ በጋ ጋዋን ለብሳ ድንኳን ውስጥ ዋለች። ቤትም ቢሆን በር ቆልፋ ነው የምትለብሰው። ኤግበርት ጠባሳውን አንድም ቀን አላየውም፤ አሳዪኝም ብሎ አልነዘነዛትም። ባለፈው በጋ ብቻ፣ አንድ ጠዋት፦

«የኔ ሮዝ፣ ነገ ሰው ሳይመጣ ውኃ እንግባ። እኔና አንቺ ብቻ» አላት።

«የሚመጣው ዓመት» አለችው።

«እማዬ» አለች ኮርኔሊያ ከበሩ ላይ። እናቷ እጅ ላይ ያለውን ስልክ አይታለች። ድምፏ ክፋት አልነበረበትም፤ ደክሟታል። «አንቺ ራስሽ ዘጠኝ ዓመት ተሸፍነሽ እሱን ልታራቁቺው ነው?»

ነገሩ እውነት ነው። ሮስቪታ ስልኩን ቀስ አድርጋ ቦታው መለሰችው። ትራውደ ወደ መስኮቱ ዞረች።

በማግስቱ፣ እንግዶቹ ሳይደርሱ፣ ብቻዬን ልየው ብላ ወደ መሰናበቻው ክፍል ገባች። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው። ኤግበርት ግራጫውን ልብስ ለብሶ ሳጥኑ ውስጥ ተኝቷል፤ ጸጉሩን ወደ ኋላ አበጥረውታል። የሌላ ሰው ባል መሰላት።

«ይኸው መጣሁ» አለችው።

የሸሚዟን የላይኛውን ቁልፍ ፈታች። ሁለተኛውንም ፈታች። በሩ ዝግ ነው፤ ከእሱ በቀር ማንም የለም፤ የእሱም ዓይን ተጨፍኗል። ሦስተኛው ቁልፍ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ጠበቀች። እንደምንም ይፈታ ይሆናል ብላ ብዙ ጠበቀች።

ከውጭ የመኪና በር ሲዘጋ ተሰማ። ሁለቱን ቁልፎች መልሳ እስከ አንገቷ ቆለፈች። ከዚያም ጎንበስ ብላ፣ በዚያው እጇ፣ የኤግበርትን ክራባት አስተካከለችለት።