አሥር ጥያቄ በክፍለ ጊዜ

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የመጣው በዓመቱ አጋማሽ ላይ፣ ሁለት መቶ ገጽ ሆኖ ነው። አንብቦ የጨረሰው ሰው የለም። ዳይሬክተሩ ግን ፍሬ ነገሩን መምህራኑን ሰብስቦ ባንድ ትንፋሽ ነገራቸው።

«ዓለም ተለውጣለች። ከእንግዲህ የሚጠይቀው ተማሪው ነው፤ በክፍለ ጊዜ ቢያንስ አሥር ጥያቄ። ሱፐርቫይዘር መጥቶ ይቆጥራል። ያልሞላለት መምህር መጻሕፍት መጋዘን ይመደባል።»

ሁሉም ዞረው የሳይንስ መምህርቷን አዩዋት። እሷ ክፍል ውስጥ ዝንብ ስትበር ይሰማል። በሠላሳ አንድ ዓመት የማስተማር ዘመኗ ተማሪ እጁን አውጥቶ የጠየቃት ነገር ቢኖር «ሽንት ቤት ልሂድ?» ብቻ ነው።

«እሱ አይቆጠርም?» አለች።

«አይቆጠርም።»

እንግዲህ ፍረዱ! ይቺ ሴት ከልጆቹ ተለይታ መጋዘን ገባች ማለት ከነነፍሷ ተቀበረች ማለት ነው። ስለዚህ የምታውቀውን አደረገች፤ አሥር ጥያቄ ጻፈች፣ ለአሥር ልጆች አደለች፣ አስጠናች።

«በይ አንቺ፣ ‹ውሃ ለምን ይተናል?› በይ። ኧረ ገርሞሽ ጠይቂ! ምን እንደ ስም ጥሪ ታነበንቢዋለሽ?»

ልጅቷ ምን ታድርግ፣ ገረማት።

ሐሙስ ዕለት ሱፐርቫይዘሩ መጥቶ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ቀጭን፣ ፊቱ የማይነበብ ሰው ነው። ጥያቄ በተጠየቀ ቁጥር ቅጹ ላይ አንድ ሰረዝ ያሰምራል። ዘጠኝ ልጆች በየተራ ተነሡ፤ ዘጠኙም በጣም ገረማቸው።

አሥረኛ የሚነሣ ጠፋ። መምህርቷ ዓይኗን ወደ ሦስተኛው ረድፍ ብትልክ የአሥረኛው ልጅ ወንበር ባዶ ነው። ደወሉ ሊደወል ሁለት ደቂቃ ሲቀረው፣ ድምፅዋ ተሰምቶ የማያውቅ አንዲት ደቃቃ ልጅ ከፊት እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ አሥረኛው ልጅ አሞት ቀርቷል። የሱን ጥያቄ ማን ይጠይቅልዎት?»

ሱፐርቫይዘሩ እርሳሱን አንሥቶ ትንሽ አሰበ። ከዚያ አሥረኛውን ሰረዝ አሰመረ።

«አልፈዋል፣ እንኳን ደስ ያለዎት» አላት በር ላይ። «ዘጠኙን ጥያቄዎች ሰሞኑን በሌሎች ትምህርት ቤቶችም ሰምቻቸዋለሁ። የመጨረሻዋን ግን የትም አልሰማሁም።»

ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ግን አፈረች፤ ያን ቀን ሙሉ ዕፍረቱ ፊቷን ሲያቃጥላት ዋለ።

ዓርብ ጠዋት ጠመኔዋን አስቀምጣ ተማሪዎቿ ፊት ቆመች። «ዛሬ የሚቆጥር የለም። የእውነት ማወቅ የምትፈልጉትን ጠይቁኝ፤ አልቆጣም» አለች።

ብትጠብቅ፣ ብትጠብቅ፣ ምንም። በመጨረሻ ወደ ደቃቃዋ ልጅ ጎንበስ አለች።

«አንቺስ፣ የኔ ልጅ? ጠይቂኝ እስቲ።»

ልጅቷ ብድግ ብላ ቀጥ አለች።

«የቱን ልጠይቅ፣ ቲቸር? ገና አልሰጡንም እኮ።»