ቦርዱ ሲነቃ የሚጽፈው ስም

ሲንቄ ለቶኩማ ክንፍ ብላለች! በቃ፣ ሌላ ቃል የለውም። ሁለቱም አምቦ ግቢ ኮምፒውተር ሳይንስ ሦስተኛ ዓመት ናቸው፣ ሁለት ሺህ አራት ዓ.ም. ላይ ነው እንግዲህ፣ እና ለፕሮጀክት አንድ ላይ የደረሳቸው ቀን ሲንቄ ዶርም ገብታ ትራሷን ነክሳ ጮኸች። እውነት! ትራስ ነክሳ!

ፕሮጀክቱ ራሱ ደግሞ እንዴት ደስ ይላል! ጎጆ ከተማ ውስጥ አንዲት ትንሽ የግል ክሊኒክ አለች። የካርድ ክፍሉ ኦቦ ገለታ ተራ ሲጠሩ ድምፃቸው እስኪዘጋ ይጮኻሉ፣ በረንዳ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ የተቀመጠው ሰው ግን አይሰማም። ስለዚህ በቀይ መብራት የሚጽፍ ቦርድ ይሠራላቸው ተባለ። ቦርዱ ስምንት ፊደል ይይዛል። አንዱ ፊደል የሚሠራው ከአሥራ አራት ትንንሽ የመብራት ዱላዎች ነው፣ አንዱን አብርቶ ሌላውን አጥፍቶ ነው ፊደል የሚወጣው። የአማርኛውን ሞክረውት "ጨ" ሸረሪት መስላ ስትወጣ በሳቅ ሊሞቱ! ስለዚህ በቁቤ፣ በላቲኑ የኦሮምኛ ፊደል ሆነ።

ችግሩ፣ ኮምፒውተሩ ቦርዱን አያውቀውም። የሚያስተዋውቃቸው ድራይቨር መጻፍ አለበት፣ እሱ ደግሞ የሚገባው ከርነል የሚባለው፣ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው የሊኑክስ አንጀት ውስጥ ነው። እዚያ ውስጥ አንዲት ነገር ከተሳሳትሽ ማሽኑ ድርቅ ይላል፣ አለቀ። ሦስት ወር ሙሉ ኮምፒውተር ላብ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ተጨቃጨቁ።

"የፊደሎቹን ቅርጽ እዚያው ድራይቨሩ ውስጥ እንክተተውና እንገላገል" ይላል ቶኩማ።

"ኧረ ማሎ! ነገ የአንዱ ፊደል ቅርጽ ካላማራቸው ኦቦ ገለታ ከርነል ሊጽፉ ነው? ውጭ ፋይል ላይ ይቀመጥ፣ ከፍተው ያስተካክሉት።"

"አንቺ ልጅ ጠበቃ ነበር መሆን የነበረብሽ።"

"አንተ ደግሞ ድንጋይ ፈላጭ!"

እሷ አሸነፈች። ሌላም አሸነፈች። ኮምፒውተሩ ሲነሳ፣ ተራ የሚጠራው ፕሮግራም እስኪጀምር ድረስ ቦርዱ ሁለት ደቂቃ ያህል ጨለማ ይሆናል። ጎጆ ላይ መብራት በቀን አራቴ ሊሄድ ይችላል፣ ታዲያ ሰው ሁሉ ተበላሸ ሊል ነው። "ድራይቨሩ ራሱ ገና ሲነቃ አንድ ቃል ይጻፍ" አለች።

"ምን ቃል?"

"አንተ ምረጥ። ከስምንት ፊደል ብቻ እንዳያልፍ።"

ቶኩማ አንገቱን ሰበረ። ቶኩማ! ያ ለፍላፊ! ከዚያ ፈገግ አለና "እሺ። ግን ሄደን እስክንገጥመው ድረስ እንዳታዪው። ቃል ግቢልኝ" አለ።

ወይኔ! ዶርም እስክትደርስ እግሯ መሬት አልነካም። ሲንቄ በቁቤ ስንት ፊደል ነው? ስድስት! ትገባለች! በጣቷ ቆጠረች፣ ደግማ ቆጠረች። ስሟ ሲበራ ዞር ብላ "እኔም" ልትለው ወሰነች። አንዲት ቃል። መስታወት ፊት ቆማ "እኔም"ን ስንት ዓይነት አድርጋ እንደተለማመደቻት!

ቃሏንም ጠበቀች። ያን መስመር አንዴም አላየችውም።

የሚገጥሙበት ቀን ሚኒባሱ እስከ ጎጆ ሲያንገጫግጫቸው ቶኩማ ቦርዱን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን አቅፎት ነበር። ክሊኒኩ ጢም ብሏል። ሽቦውን አያያዙ፣ ግድግዳው ላይ ሰቀሉት፣ ኦቦ ገለታ "በሉ እንግዲህ ጉሮሮዬን ገላግሉኝ" አሉ፣ ቶኩማ ማብሪያውን ተጫነ። ሲንቄ ትንፋሿን ያዘች።

ቀይ መብራት ቦግ አለ። ሰባት ፊደል።

ድንቅቱ።

ሲንቄ መጀመሪያ የፊደሎቹ ፋይል የተበላሸ ነው የመሰላት። ሙቺ! እያንዳንዷን ፊደል፣ እያንዳንዷን ዱላ በዓይኗ ፈተሸች። አንድም ስህተት የለም።

ከአግዳሚው ላይ አንዲት አሮጊት ከዘራቸውን ይዘው ብድግ አሉ። "አቤት! አለሁ!"

"አዴ ድንቅቱ፣ ይቀመጡ! ገና ካርድዎ አልወጣም!" አሉ ኦቦ ገለታ።

"ስሜን አብርቶ እየጠራኝ ልቀመጥ? አንተ ስትጠራኝ ሰምቼህ አላውቅም፣ እሱ ይሻላል!"

ክሊኒኩ በሳቅ ፈነዳ። ቶኩማ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ሲንቄም ሳቀች፣ እንዴት እንደሳቀች እንጃ።

ከዚያ በረንዳው ላይ ይዛው ወጥታ "ድንቅቱ ማናት?" አለችው።

"ጊንጪ ነው ያለችው፣ የሰፈራችን ልጅ ናት። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ይላካል።" ፊቱ እኮ ያበራል! "ለማንም አልተናገርኩም፣ ላንቺ ነው መጀመሪያ የምነግረው። አንቺ እኮ እህቴ ነሽ!"

እህቴ። ኧረ እህቴ!

ኦቦ ገለታ ብቅ አሉ። "ልጆች፣ ይሄን ስም አንሱልኝ። መብራት በሄደ በመጣ ቁጥር አዴ ድንቅቱን ሳስቀምጥ ልውል ነው?"

ቶኩማ አፍሮ ጭንቅላቱን አከከ። ሲንቄ ገብታ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። አላየውም ብላ ቃል የገባችበትን መስመር ከፈተችው፣ ሰባቱን ፊደል አንድ በአንድ አጠፋችና በቦታው "ኤጋ" ብላ ጻፈች፣ ጠብቁ ማለት ነው። ድራይቨሩን አውጥታ እንደገና አስገባችው።

ሲመለሱ መኪናው ውስጥ ክንዷን ነካ አደረጋት። "ሲንቄ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ? መለዋወጫ ብለን ያስቀመጥናት ቦርድ አለች አይደል? ስሟን የምታበራ አድርገን ብሰጣት አልኩ። ብየዳ ላይ ደግሞ እጅሽ ከኔ ይሻላል።"

እምቢ በይው! አንድ ሺህ ሰበብ አለ እኮ፣ ፈተና ደረሰ በይው፣ አሞኛል በይው!

"እሺ" አለች።

ቅዳሜ ከሰዓት ኮምፒውተር ላቡ ውስጥ ብቻዋን ሆና የድንቅቱን ስም አበራችው። ሦስተኛው ፊደል ላይ ያጋደለችው ዱላ አልበራችም። ሲንቄ እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ ብዙ ሰዓት አየቻት። እንዳለ ብትተወው ማንም ምንም አይላትም፣ ድንቅቱም የመብራት ፊደል እንዲህ ነው ብላ ትቀበለዋለች። በጣም ፈለገች። በጣም! እንዲህ ዓይነት ነገር ሲያጋጥማት ሮጣ የምትነግረው ደግሞ ለቶኩማ ነበር፣ አሁን ለማን ትንገር?

መበየጃውን ሰካች። እስኪግል ጠበቀች። ቦርዱን ገልብጣ የላላችውን ነጥብ አገኘቻት፣ ጭሱ ዓይኗ ውስጥ ሲገባ በዚያው አለቀሰች፣ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች ነጥቧን ጥብቅ አድርጋ በየደቻት። መልሳ ስትገለብጠው ሰባቱም ፊደላት ጥርት ብለው፣ አንድ ዱላ ሳይጎድል፣ ፊቷን ቀይ አደረጉት።